በረሃን በሞተር ብስክሌት፤ የዳካር ራሊ ጉዞና የነፍስ አድን ሥራው

የዳካር ራሊ በመባል የሚታወቀው የረጅም ርቀት የበረሃ ውድድር ከተጀመረ ከ45 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ውድድሩ በእነዚህ ዓመታት ከሰሐራ ወደ ደቡብ አሜሪካው አታካማ፣ ከዚያም ወደ ዐረቢያ ባሕረ ገብ መሬት ተዛውሯል። በመኪናና በከባድ መኪና የሚወዳደሩ በርካታ ተሳታፊዎች ቢኖሩትም የውድድሩ መነሻም ሆነ ዋነኛ መለያ እስከ ዛሬ ድረስ ሞተር ብስክሌት ነው። ከተወዳዳሪዎች መካከል ለሞት አደጋ ይበልጥ ተጋልጠው የቆዩትም በሁለት ጎማ ላይ ሆነው በረሃውን የሚያቋርጡት ናቸው።

የውድድሩ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በአሸናፊዎች ስምና በተሽከርካሪ አምራች ኩባንያዎች ፉክክር ነው። ይሁን እንጂ ከአሸናፊዎቹ ዝርዝር ባሻገር የሚነሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ በበረሃ የወደቀ አንድ ሰው እርዳታ እስኪደርስለት ምን ያህል ጊዜ ይጠብቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውድድሩ በሚያልፍባቸው አገሮች የሚኖረውን ሕዝብ ደኅንነት ማን ያስጠብቃል የሚለው ነው። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አዘጋጆችን ብቻ ሳይሆን ፈቃድ የሚሰጡ መንግሥታትንም የሚመለከት ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውድድሩ አጀማመር

የውድድሩ መሥራች ፈረንሳዊው ቲየሪ ሳቢን ነው። ሳቢን በ1977 ከአቢጃን ተነስቶ ኒስ በሚጠናቀቀው ራሊ በሞተር ብስክሌት ሲሳተፍ በሊቢያ በረሃ መንገድ ጠፋበት። ያለ በቂ ውሃና ምግብ ለሦስት ቀናት ያህል ከቆየ በኋላ በአውሮፕላን በተደረገ ፍለጋ በሕይወት ተገኘ። ወደ አገሩ ሲመለስ በረሃውን ከመሸሽ ይልቅ ሌሎችም ይህንኑ ስፍራ የሚያዩበትን ውድድር ለማዘጋጀት ቆርጦ ተነሳ።

የመጀመሪያው የፓሪስ-ዳካር ራሊ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ማለትም ዲሴምበር 26 ቀን 1978 ከፓሪስ ትሮካዴሮ አደባባይ ተነሳ። ተወዳዳሪዎቹ አልጄሪያን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና በወቅቱ የላይኛው ቮልታ ትባል የነበረችውን የአሁኗን ቡርኪና ፋሶን አቋርጠው ወደ ሴኔጋል መዲና ዳካር ያመሩ ሲሆን፣ የጉዞው ርዝመት 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከተነሱት 182 ተሽከርካሪዎች መካከል ዳካር የደረሱት 74 ብቻ ናቸው። በዚያ ዓመት ሞተር ብስክሌትና መኪና በአንድ ምድብ ይወዳደሩ ስለነበር አጠቃላይ አሸናፊ የሆነው ያማሃ ኤክስቲ 500 ሞተር ብስክሌት ያሽከረከረው የ22 ዓመቱ ወጣት ሲሪል ነቮ ነው። ነቮ ውድድሩን በድምሩ አምስት ጊዜ ለማሸነፍ በቅቷል።

በዚያው የመጀመሪያ ውድድር አንድ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ በኒጀር አጋዴዝ አካባቢ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። በመሆኑም የውድድሩ ዝናና የሚያስከፍለው ዋጋ በአንድ ዓመት የተጀመሩ ናቸው ማለት ይቻላል።

በ1983 በኒጀር ቴኔሬ በረሃ በተነሳ ከባድ የአሸዋ ማዕበል 40 ያህል ተወዳዳሪዎች አቅጣጫቸውን ስተው ጠፍተው ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1982 የወቅቱ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የማርጋሬት ታቸር ልጅ ማርክ ታቸር በመኪና ሲወዳደር በአልጄሪያ በረሃ ጠፍቶ ከስድስት ቀናት በኋላ በአልጄሪያ ጦር ኃይል ተገኝቷል። ይህ ክስተት ውድድሩን በዓለም ዙሪያ ይበልጥ እንዲታወቅ አድርጎታል። የነፍስ አድን ሥራው ምን ያህል በአስተናጋጅ አገሮች ሠራዊትና አውሮፕላን ላይ የተመሠረተ እንደነበርም ያሳየ ነው።

መሥራቹ ሳቢን ራሱ ጃንዋሪ 14 ቀን 1986 በማሊ በደረሰ የሄሊኮፕተር መከስከስ አደጋ ሕይወቱ አልፏል። አብረውት የነበሩት ታዋቂው ዘፋኝ ዳንኤል ባላቯንን ጨምሮ ሌሎች አራት ሰዎችም ሞተዋል። አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አመዱ እንደ ፍላጎቱ በበረሃው ተበትኗል።

በረሃው ለሞተር ብስክሌተኛው የሚያቀርበው ፈተና

በረሃ ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ማለቂያ የሌለው የአሸዋ ክምር ነው። ይሁን እንጂ ለሞተር ብስክሌተኛው አሸዋ ከፈተናዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ድንጋያማ ሜዳ፣ ደረቅ የወንዝ ሸለቆ፣ ጨዋማ መሬት፣ በሥሩ አሸዋ ሰብስቦ ጉብታ የሚሠራ የበረሃ ሣር እንዲሁም እንደ ዱቄት የላመ አፈር እየተፈራረቁ ይመጣሉ። በተወዳዳሪዎች ዘንድ ፌሽ ፌሽ የሚባለው ይህ የላመ አፈር ከላይ ሲታይ ጠንካራ መሬት ይመስላል። ጎማ ሲያርፍበት ግን ይሰምጣል፤ በሥሩ የተደበቀ ድንጋይ ካለም አሽከርካሪውን ከመቀመጫው አስፈንጥሮ ይጥለዋል።

የአሸዋ ክምር የራሱ ሥርዓት አለው። ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ዘና ያለ ቁልቁለት ያለውና ጠበቅ ያለ ሲሆን፣ ነፋሱ የሚሄድበት ጎን ግን ከ30 ዲግሪ በላይ የሚያዘቀዝቅና ልል ነው። ወደ ጫፉ ለመውጣት ፍጥነት ያስፈልጋል። ጫፉን ሳያዩ በዚያው ፍጥነት ማለፍ ደግሞ በማዶ ወዳለው ገደል መወርወር ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው አሽከርካሪ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማዶውን ካየ በኋላ ይወርዳል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ጥላ ስለሚጠፋ የአሸዋው ከፍታና ዝቅታ ለዓይን አንድ ይሆናል። በዚህ ሰዓት የሚደርሱ መውደቆች በጠዋትና በማታ ከሚደርሱት የሚለዩት አሽከርካሪው የሚወድቅበትን ስፍራ ቀድሞ ባለማየቱ ነው።

በአሸዋ ላይ የሚያሽከረክር ሰው ብዙውን ጊዜ በእግር መርገጫው ላይ ቆሞ ነው የሚጓዘው። ይህም ጉልበቱና ክንዱ የመሬቱን ንጥቂያ እንዲችሉና የኋላ ጎማው ክብደት እንዲያገኝ ይረዳል። በቀን ለስምንትና ለአሥር ሰዓታት በዚህ ሁኔታ መጓዝ ከፍተኛ ድካም ያስከትላል። በሙቀት ወቅት ከሰውነት በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊወጣ የሚችል ሲሆን፣ የጠፋውን ውሃ ያልተካ ሰው ጉልበቱንም ማስተዋሉንም ያጣል። በዚህም የተነሳ ማንኛውም የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ቢያንስ ሦስት ሊትር የመጠጥ ውሃ በላዩ ተሸክሞ እንዲነሳ በደንብ ተደንግጓል።

ቅዝቃዜም ከሙቀት ያላነሰ ችግር ነው። ውድድሩ የሚካሄደው በጃንዋሪ በመሆኑ የበረሃው ሌሊት እጅግ ይቀዘቅዛል። ተወዳዳሪዎች ወደ ውድድሩ መነሻ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ በብርድ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛሉ፤ በቀትር ደግሞ በወፍራም መከላከያ ልብስ ውስጥ ሆነው ሙቀቱን ይጋፈጣሉ።

አቅጣጫ የማግኘት ጥበብ

የበረሃ ራሊን ከሌሎች የሞተር ስፖርት ዓይነቶች የሚለየው ዋናው ነገር አቅጣጫ የማግኘት ጥበብ ነው። ተወዳዳሪው የሚጓዝበት መንገድ ምልክት አልተተከለበትም። በእጁ ያለው ሮድ ቡክ የሚባለው የመንገድ መምሪያ ሲሆን፣ በውስጡም የእያንዳንዱ መታጠፊያ ርቀት በኪሎ ሜትር፣ የአቅጣጫ ዲግሪ፣ ትንሽ ንድፍና የአደጋ ምልክቶች ይገኛሉ። አደጋው የሚገለጸው በቃለ አጋኖ ምልክት ነው፤ አንድ ምልክት ጥንቃቄን፣ ሦስት ምልክቶች ደግሞ እጅግ አደገኛ ስፍራን ያመለክታሉ።

ለረጅም ዓመታት ይህ መምሪያ በጥቅል ወረቀት መልክ በዋዜማው ማታ ይታደል ነበር። ተወዳዳሪዎች ከእራት በኋላ በባለ ቀለም ብዕር አደገኛ ስፍራዎችን እየቀለሙ ያመሹ ነበር። ይህ አሠራር ባለጸጋ ቡድኖች ባለሙያ ቀጥረው መምሪያውን በሳተላይት ፎቶግራፍ እንዲያስተያዩላቸው ዕድል ይሰጣል በሚል ተተችቷል። ውድድሩ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ከተዛወረበት ከ2020 ጀምሮ ግን መምሪያው አስቀድሞ ተቀልሞ ጠዋት ከመነሻው ጥቂት ቀደም ብሎ መታደል ጀምሯል። በቅርብ ዓመታትም ወረቀቱ ቀስ በቀስ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ እየተተካ መጥቷል።

ጂፒኤስ የሚባለው የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያም በሞተሩ ላይ ይገጠማል። ነገር ግን የሚሰጠው አገልግሎት እንደ ከተማ አሽከርካሪ ሙሉ ካርታ ማሳየት አይደለም። ተወዳዳሪው የተወሰኑ የመፈተሻ ነጥቦችን ማለፉን የሚመዘግብ ሲሆን፣ አቅጣጫውን የሚጠቁመው ወደ ነጥቡ በጣም ሲቃረብ ብቻ ነው። ነጥብ ያለፈው ተወዳዳሪ በሰዓት ቅጣት ይጣልበታል።

የመነሻ ቅደም ተከተሉም የራሱ ስሌት አለው። በአንድ ቀን ያሸነፈ ተወዳዳሪ በማግስቱ ፊት ሆኖ ይነሳል። ፊት መሆን በበረሃ ክብር ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ጭምር ነው። የመጀመሪያው ሰው የሚከተለው የጎማ ዱካ ስለሌለ መንገዱን ራሱ መፈለግ አለበት፤ ከኋላው የሚመጡት ግን የእርሱን ዱካ ተከትለው ይደርሱበታል። ይህን ለማመጣጠን በቅርብ ዓመታት መንገድ ለሚከፍቱ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪዎች የሰዓት ጉርሻ መስጠት ተጀምሯል።

ስለ ሞተሩ

በ1980ዎቹ የነበሩት የውድድር ሞተር ብስክሌቶች እጅግ ከባድና ፈጣን ነበሩ። ቢኤምደብሊው፣ ሆንዳ፣ ያማሃና ካጂቫ የመሳሰሉት ኩባንያዎች ትላልቅ ሞተሮችን ለዚሁ ውድድር እያዘጋጁ ያቀርቡ ነበር። ከ2001 እስከ 2019 በነበሩት ጊዜያት ደግሞ የኦስትሪያው ኬቲኤም በተካሄዱት 18 ውድድሮች በተከታታይ ለማሸነፍ ችሏል። ይህን የድል ሰንሰለት በ2020 የቆረጠው በሆንዳ የተወዳደረው አሜሪካዊው ሪኪ ብራቤክ ነው።

የፍጥነቱ ማደግ ከሞት አደጋ ጋር እየተያያዘ በመምጣቱ የውድድሩ ሕግ ተሻሽሏል። ከ2011 ጀምሮ በሁሉም የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ዘንድ የሞተር መጠን ከ450 ሲሲ እንዳይበልጥ ተደርጓል። የነዳጅ መያዣውም ርቀት እንዲገደብና መሙያ ስፍራዎች እንዲበዙ በመደረጉ ሞተሩ ሙሉ ታንክ ተሸክሞ የሚፈጥረው ሚዛን የማጣት ችግር ተቀንሷል። በነዳጅ መሙያ ስፍራ ሰዓቱ ቆሞ ተወዳዳሪው ለ15 ደቂቃ እንዲያርፍ መደረጉም የዚሁ እርምጃ አካል ነው። ሲወድቁ በአየር ተሞልቶ ደረትንና ጀርባን የሚከላከለው ልዩ ሰደርያም ከ2021 ወዲህ በሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ዘንድ ግዴታ ሆኗል።

በትላልቅ ኩባንያዎች የሚደገፉት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ተሳታፊዎች በራሳቸው ወጪ የሚመጡ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ያለ መካኒክ የሚወዳደሩት ልዩ ስፍራ አላቸው። የእነርሱ ንብረት አዘጋጆቹ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያጓጉዙላቸው አንድ ሣጥን፣ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ መለዋወጫ ጎማና የመፍቻ ዕቃ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክር የዋለው ሰው ማታ ዘይት ይለውጣል፣ ማጣሪያ ያጥባል፣ ጎማ ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ ከተረፈው ይተኛል። እንቅልፍ ማጣት በቀጣዩ ቀን ለሚደርስ አደጋ ምክንያት ሊሆን የሚችል በመሆኑ ይህ ምድብ ከሁሉም የከበደ እንደሆነ ይታመናል።

የነፍስ አድን ሥራው

በበረሃ የሚወድቅ ሞተር ብስክሌተኛ በአብዛኛው ብቻውን ነው። እንደ መኪና ተወዳዳሪ አጠገቡ ረዳት የለውም፤ አካሉን የሚከልል ብረትም የለም። በ1987 ውድድሩን ይመራ የነበረው ሁበርት ኦሪዮል ሊጠናቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። በዚያው ሁኔታ ሞተሩን እያሽከረከረ የዕለቱን ጉዞ ቢያጠናቅቅም ውድድሩን ለማቋረጥ ተገዷል። ኦሪዮል ከአምስት ዓመታት በኋላ በ1992 በመኪና በማሸነፍ በሁለቱም ምድብ የመጀመሪያው ባለድል ሆኗል። በሞተር ብስክሌት ስድስት፣ በመኪና ስምንት፣ በድምሩ 14 ጊዜ በማሸነፍ ክብረ ወሰኑን የያዘው ግን ስቴፋን ፒተራንሴል ነው።

ሁሉም ግን ይህን ዕድል አላገኙም። በ2001 እና በ2002 ያሸነፈው ጣሊያናዊው ፋብሪዚዮ ሜዮኒ ጃንዋሪ 11 ቀን 2005 በሞሪታንያ በደረሰበት አደጋ ሞቷል። ከእርሱ ሞት አንድ ቀን አስቀድሞ ስፔናዊው ሆሴ ማኑኤል ፔሬዝ በደረሰበት ጉዳት በሆስፒታል ሕይወቱ አልፏል። በ2006 ደግሞ አውስትራሊያዊው አንዲ ካልድኮት በሞሪታንያ ሞቷል። በ2009 ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ሲካሄድ አንድ ፈረንሳዊ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ በአርጀንቲና ላ ፓምፓ ጠፍቶ ከሦስት ቀናት ገደማ በኋላ ከሞተሩ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ሞቶ ተገኝቷል። መሥራቹ ሳቢን ከጠፋ ከ32 ዓመታት በኋላም የሦስት ቀን ፍለጋ ሊያጋጥም እንደሚችል የታየበት ክስተት ነበር።

የዛሬው አሠራር በእጅጉ ተለውጧል። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ የሚገጠመው የሳተላይት መከታተያ የተወዳዳሪውን ስፍራና ፍጥነት ለቁጥጥር ማዕከሉ ያሳውቃል። ሞተሩ በድንገት ሲቆም ወይም ሲወድቅ ማዕከሉ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ተወዳዳሪውም ቁልፍ በመጫን እርዳታ ሊጠይቅና ከማዕከሉ ጋር በድምፅ ሊነጋገር ይችላል። ሐኪም የጫኑ ሄሊኮፕተሮች በመንገዱ አቅራቢያ ተሰልፈው ይጠባበቃሉ። ከዚህ በተጨማሪ ሌላው መሣሪያ ከኋላ የሚመጣ ፈጣን መኪና መቃረቡን ለሞተረኛው በድምፅ ያስታውቃል።

ከመሣሪያው ያልተናነሰ ሚና ያለው በደንቡ ውስጥ የሰፈረው የመረዳዳት ግዴታ ነው። የተጎዳ ተወዳዳሪ ያየ ሌላ ተወዳዳሪ ቆሞ መርዳት አለበት። በእርዳታው ያጠፋው ጊዜ ማታ ተሰልቶ ይመለስለታል። ይህ ድንጋጌ አንድ ሰው በድልና በሰብዓዊነት መካከል እንዳይዋልል ታስቦ የወጣ ነው።

የዚህ ሁሉ ዝግጅት ጥንካሬም ሆነ ገደብ የታየው ጃንዋሪ 12 ቀን 2020 ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ሰባተኛ ቀን ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬስ በ276ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወደቀ። ጎንሳልቬስ የ40 ዓመት ጎልማሳና በ2015 ሁለተኛ የወጣ ልምድ ያለው አሽከርካሪ ነበር። ማስጠንቀቂያው ለማዕከሉ የደረሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ሲሆን፣ ሄሊኮፕተሩ በ4 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ስፍራው ደርሷል። የ2019 አሸናፊ የነበረው አውስትራሊያዊው ቶቢ ፕራይስ ፉክክሩን ትቶ አጠገቡ ቆሞ ነበር። እርዳታው በስምንት ደቂቃ ቢደርስም የተወዳዳሪውን ሕይወት ማትረፍ አልተቻለም። በማግስቱ የሞተር ብስክሌት ውድድር እንዲሰረዝ ተደርጓል።

የሦስት ቀኑ ጥበቃ ወደ ስምንት ደቂቃ መውረዱ ትልቅ ውጤት ነው። ይሁንና ፍጥነት የሚያደርሰውን ጉዳት የእርዳታ ፍጥነት ብቻውን እንደማይመልስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የመንደር ነዋሪዎች ዕዳ

ከውድድሩ ጋር በተያያዘ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች ቁጥር ከ70 በላይ እንደሚደርስ የመገናኛ ብዙኃን ዘገባዎች ያመለክታሉ። ከእነዚህም መካከል ተወዳዳሪ ያልነበሩ፣ በመንገድ ዳር የቆሙ የመንደር ነዋሪዎችና ሕፃናት ይገኙበታል።

በ1988 በማሊ አንዲት የ10 ዓመት ሕፃን በተወዳዳሪ ተሽከርካሪ ተገጭታ ሞታለች። በዚያው ውድድር በሞሪታንያ አንዲት እናት ከነልጇ ውድድሩን ይቀርጽ በነበረ ቡድን መኪና ተገጭተው ሕይወታቸው አልፏል። በ2006 ደግሞ በጊኒና በሴኔጋል ሁለት ሕፃናት በተከታታይ ቀናት ሞተዋል። እነዚህ አደጋዎች በአውሮፓም ሆነ በአፍሪካ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነስተዋል። የቫቲካን ጋዜጣን ጨምሮ በርካታ ወገኖች ውድድሩ ለድሆች አገሮች ያለውን ንቀት ያሳያል ሲሉ ነቅፈዋል።

አዘጋጆቹ በምላሻቸው በመንደር ውስጥ የሚፈቀደውን ፍጥነት በእጅጉ ገድበዋል። ተወዳዳሪው በመኖሪያ አካባቢ የተፈቀደውን ፍጥነት ማለፉ በጂፒኤስ ስለሚመዘገብ የሰዓት ቅጣት ይከተለዋል። ሕጉ የወጣው ግን ሕይወት ከጠፋ በኋላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

መንግሥታትና የውድድሩ ፈቃድ

የበረሃ ራሊ የሚካሄደው በአንድ አዘጋጅ ፍላጎት ብቻ አይደለም። የድንበር ማቋረጫ፣ የጉምሩክ ነጻ ፈቃድ፣ የአየር ክልል፣ የሬዲዮ ሞገድ፣ የነዳጅ አቅርቦትና የጸጥታ ጥበቃ ከአስተናጋጅ መንግሥታት የሚጠበቁ ናቸው። በመሆኑም የውድድሩ መስመር የየዘመኑን የፖለቲካና የጸጥታ ሁኔታ ሲከተል ቆይቷል።

በ1991 በማሊ አንድ የድጋፍ ከባድ መኪና አሽከርካሪ በጥይት ተገድሏል። በ1996 አንድ የከባድ መኪና ተሳታፊ በሞሮኮና በምዕራብ ሰሐራ አካባቢ በፈንጂ ሞቷል። በ1999 ተወዳዳሪዎች በሞሪታንያ በታጠቁ ዘራፊዎች ተዘርፈዋል። በ2000 ውድድሩ ከዳካር ወደ ካይሮ ሲያመራ በኒጀር የጥቃት ሥጋት በመሰማቱ መላው የውድድሩ ጓዝ፣ ሰዎቹና ተሽከርካሪዎቹ በአንቶኖቭ ግዙፍ አውሮፕላኖች ከኒያሜ ወደ ሊቢያዋ ሳብሃ ተጓጉዘው ጉዞው ከዚያ ቀጥሏል።

በ2008 ግን ይህን የመሰለ መፍትሔ አልተገኘም። ዲሴምበር 24 ቀን 2007 አራት ፈረንሳውያን ቱሪስቶች በሞሪታንያ አሌግ ከተማ አቅራቢያ ተገደሉ። በወቅቱ ከውድድሩ ቀናት ስምንቱ በሞሪታንያ እንዲካሄዱ ታቅደው ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ዜጎቹ ወደ አገሪቱ እንዳይሄዱ በማሳሰቡ አዘጋጆቹ ጃንዋሪ 4 ቀን 2008፣ ተወዳዳሪዎች ሊዝበን ተሰብስበው መነሻውን በሚጠባበቁበት ዋዜማ፣ ውድድሩን ሰረዙ። በውድድሩ ታሪክ ሙሉ በሙሉ ሲሰረዝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስረዛው ያስከተለው ጉዳት በተወዳዳሪዎች ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በሞሪታንያና በሴኔጋል የሚገኙ ሆቴሎች፣ ምግብ አቅራቢዎች፣ አስጎብኚዎችና በዳካር አቅራቢያ በሚገኘው ሮዝ ሐይቅ ዳርቻ የሚነግዱ ሰዎች በየዓመቱ የሚጠብቁትን ገቢ አጥተዋል። ውድድሩ ከዚያ ወዲህ ወደ አፍሪካ አልተመለሰም። በ2009 በሁበርት ኦሪዮልና በዣን ሉዊ ሽሌሰር አነሳሽነት የተጀመረው አፍሪካ ኢኮ ሬስ የተባለው ሌላ ውድድር ግን የቀድሞውን መስመር በመከተል ወደ ሮዝ ሐይቅ መጓዝ ጀምሯል።

የደቡብ አሜሪካ ተሞክሮም ለመንግሥታት ትምህርት ሰጥቷል። አርጀንቲናና ቺሊ በ2009፣ ፔሩ በ2012፣ ቦሊቪያ በ2014፣ ፓራጓይ በ2017 ውድድሩን በየተራ ማስተናገድ ጀመሩ። አገሮቹ ውድድሩ የቱሪዝም ገጽታቸውን እንደሚያሳድግ ተስፋ አድርገው ነበር። በሌላ በኩል የቺሊ የቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣናትና የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በአታካማ በረሃ የሚገኙ ጥንታዊ ስፍራዎች በተሽከርካሪዎቹ ጉዳት እንደደረሰባቸው አስታውቀዋል። ቺሊና ፔሩ የተፈጥሮ አደጋ ሥጋት ባጋጠማቸው ጊዜ ከ2016ቱ ውድድር ራሳቸውን አግልለዋል። በ2019 ደግሞ ሌሎቹ አገሮች በበጀት ምክንያት ወደ ኋላ በማለታቸው ውድድሩ በፔሩ ብቻ ተወስኖ ተካሂዷል።

የዛሬው መድረክ

ከ2020 ወዲህ ውድድሩ በሳዑዲ ዐረቢያ በመካሄድ ላይ ይገኛል። ጃንዋሪ 5 ቀን 2020 ከጅዳ የተነሳው የመጀመሪያው ውድድር ከ7,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል። አገሪቱ ኢኮኖሚዋን ከነዳጅ ዘይት ጥገኝነት ለማላቀቅ ከያዘቻቸው ዕቅዶች አንዱ ስፖርትና ቱሪዝም በመሆኑ ውድድሩ ሰፊ የመንግሥት ድጋፍ አለው። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች በበኩላቸው ውድድሩ የአገሪቱን የመብት አያያዝ ለመሸፈን ይውላል ሲሉ ተችተዋል። በዲሴምበር 2021 መጨረሻ በጅዳ በአንድ ተወዳዳሪ ቡድን መኪና ላይ ፍንዳታ ደርሶ አሽከርካሪው ክፉኛ መቁሰሉም የጸጥታ ጉዳይ አፍሪካን በመልቀቅ ብቻ እንደማይፈታ አሳይቷል።

በሳዑዲ ዐረቢያ ከውድድሩ አስቸጋሪ ክፍሎች አንዱ ሆኖ የቆየው ሩብ አል ኻሊ፣ በትርጉሙ ባዶው ሩብ የሚባለው በረሃ ነው። 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ በረሃ በዓለም ካሉት ያልተቋረጡ የአሸዋ ምድሮች ትልቁ ነው። በ2024 በዚሁ ስፍራ የ48 ሰዓት ጉዞ ተጀምሯል። ተወዳዳሪዎቹ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ወደሚያገኙት የመጀመሪያ ጊዜያዊ ሰፈር ገብተው ይቆሙ ነበር። እዚያም መካኒክም ሆነ የቡድን መሪ አልነበረም፤ የሚታደላቸው ድንኳንና ደረቅ ምግብ ብቻ ነበር። ታዋቂው የፋብሪካ ተወዳዳሪና በራሱ ወጪ የመጣው ሰው በአንድ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ያመሹ፣ በማግስቱም ጉዟቸውን ይቀጥሉ ነበር። ይህ ሥርዓት ውድድሩን ወደ መጀመሪያዎቹ ዓመታት መንፈስ ለመመለስ የታሰበ ነበር። ልዩነቱ እያንዳንዱ ሰው ያለበት ስፍራ በሳተላይት መታወቁ ነበር።

ሴቶችም በዚህ አስቸጋሪ ምድብ ውስጥ ብቃታቸውን አስመስክረዋል። ስፔናዊቷ ላያ ሳንዝ ከ2011 እስከ 2021 በሞተር ብስክሌት በተወዳደረችባቸው 11 ውድድሮች አንዱንም ሳታቋርጥ ያጠናቀቀች ሲሆን፣ በ2015 ዘጠነኛ በመውጣት ከፍተኛ ውጤቷን አስመዝግባለች። ቀደም ሲል በሞተር ብስክሌት የተወዳደረችው ጀርመናዊቷ ዩታ ክላይንሽሚት ደግሞ በ2001 በመኪና ምድብ በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ከተሞክሮው የሚገኘው ትምህርት

የዳካር ራሊ ተሞክሮ እንደሚያመለክተው በረሃን በሞተር ብስክሌት ማቋረጥ የግለሰብ ጀግንነት ብቻ ሊመስል ቢችልም በተግባር ግን የተቀናጀ የሕዝብ አስተዳደር ሥራ ነው። የአሽከርካሪው ሕይወት በችሎታው ላይ የተመሠረተውን ያህል ነዳጁ በተቀመጠበት ስፍራ፣ ሄሊኮፕተሩ በሚነሳበት ፈቃድ፣ ሆስፒታሉ ባለበት ርቀትና ድንበር ጠባቂው በተሰጠው መመሪያ ላይም የተመሠረተ ነው።

ፈቃድ የሚሰጥ አካልም ከገቢውና ከዝናው ጋር ሌሎች ጥያቄዎችን አብሮ መመርመር ይጠበቅበታል። መስመሩ በየትኞቹ መንደሮች ያልፋል? ነዋሪው አስቀድሞ ተነግሮታልን? የውሃ ጉድጓድ፣ የግጦሽ መሬትና ቅርስ ያለበት ስፍራ ተለይቷልን? ጉዳት ቢደርስ ካሣውን የሚከፍለው ማን ነው? በማሊ፣ በሞሪታንያ፣ በጊኒ፣ በሴኔጋልና በቺሊ የደረሱት ጉዳቶች እነዚህ ጥያቄዎች ተሽከርካሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት መልስ ማግኘት እንዳለባቸው የሚያስረዱ ናቸው።

በረሃው ራሱ ከ1978 ወዲህ አልተለወጠም። አሸዋው እንደ ቀድሞው ዱካን ያጠፋል፤ ሙቀቱም ውሃ ያላዘጋጀውን ይቀጣል። የተለወጠው የሰው ዝግጅት ነው። በ1977 አንድ ሰው ሦስት ቀን የጠበቀውን እርዳታ በ2020 ሌላው በስምንት ደቂቃ ማግኘቱ ዝግጅት ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ያሳያል። የዚያው ሰው ሕይወት አለመትረፉ ደግሞ የአደጋ መከላከል ሥራ ከአደጋው በፊት፣ በፍጥነቱና በመስመሩ ላይ መጀመር እንዳለበት ያረጋግጣል።